ልብ የት ይሸጣል?

እናቴ ስትቆጣ የምትለኝ አንድ ነገር አላት፦ «ኧረ ልብ ግዛ!» ይህን ማለት የጀመረችው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በግ እንድጠብቅ ተልኬ በጎቹ በሰላም ሲመለሱ እኔ የጠፋሁ ዕለት ነው። ዛሬ 43 ዓመት ሞልቶኛል፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ጸጉሬም ከግንባሬ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምሯል። ቃሉ ግን ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ደብድቦኝ፣ ጃንጥላዬን በብብቴ ይዤ ስገባ (አዲስ ስለነበር እንዳይበሰብስ ብዬ ነው) ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አይ ልጄ፣ ልብ ሳትገዛ ልታረጅ ነው» አለችኝ።

የሚገርመኝ ይህ ልብ የሚሉት ዕቃ ሁልጊዜ የሚገዛ መሆኑ ነው። ዕውቀት ይቀሰማል፤ ምክር ይለገሳል፤ ዕድሜ ይለመናል፤ ልብ ግን በግዢ ብቻ ነው የሚገኘው። መርካቶን ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ዞሬያለሁ። አዲሱ ቀርቶ ያገለገለ ልብ እንኳ የሚሸጥ ሰው አላየሁም።

አማርኛ የሰው አእምሮ የሚያድግበትን መንገድ የሚለካበት የራሱ ሜትር አለው። ሕፃን መጀመሪያ «ነፍስ ያላወቀ» ነው። ቀጥሎ ነፍስ ያውቃል። ነፍስ ካወቀ በኋላ ልብ እስኪገዛ ይጠበቃል። ከዚያ ነገሩ ወደ ማድቤት ይዞርና ሰውየው «ይበስላል»፤ ካልበሰለ «ጥሬ» ይባላል። «የልጅ ነገር፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» የሚባለውም በዚህ መሀል፣ ምጣዱ ገና በደንብ ሳይሞቅ ነው። በመጨረሻ «የረጋ ሰው» ይሆናል፤ ዕድል የጠመመችበት ደግሞ «ጃጀ» ይባላል። ሳይንስ ይህንኑ መንገድ ለማጥናት ብዙ ወረቀት ፈጅቷል። እኔ ደግሞ ሁሉንም ደረጃ በአንድ ግቢ ውስጥ ሰብስቤ፣ የቤት ኪራይ እየከፈልሁ አኖራለሁ።

ግቢው ለገዳዲ ነው። ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ የደሴን መንገድ ይዘው ለገጣፎን ሲያልፉ ትገኛለች። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በየአቅጣጫቸው እንደሚያደርጉት እሷም በበኩሏ ዋና ከተማዋን እንደ መቀነት ትዞራለች፤ አሁን ሁላችንም በአንድ ላይ ሸገር ከተማ ተብለናል። ለእኔ ዕድሜ ሰው ለገዳዲ ሲባል ሬዲዮ ትዝ ይለዋል፤ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሲወጣ እኛን የሚያስተምረን ሬዲዮ። ለቀረው አዲስ አበቤ ለገዳዲ ማለት ግድቡ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ፣ በ1990ዎቹ ከመጣው ታናሽ ወንድሙ ከድሬ ግድብ ጋር ተጋግዞ እስከ ዛሬ ከተማዋን ያጠጣል።

እዚህ ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን ጎረቤቴ ኦቦ (ስማቸውን አልጠራም፤ ጡረተኛ ናቸው፣ ስማቸው ያለ ሥራ ሲነሳ አይወዱም) የሀገሩን ስም ተረጎሙልኝ። «ለገ ማለት ወንዝ ነው። ዳዲ ማለት ደግሞ ጠጅ።» የጠጅ ወንዝ! በማግስቱ ብርሌ ገዛሁ። ብርሌው እስከ ዛሬ አለ። ወንዙ ግን ጠጁ ቀርቶ ውሃውም ወደ ቧንቧዬ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ጉዳዬ ሁሉ የተጀመረው በዚህ ብርሌ ነው።

ትንሿ ልጄ ሚጡ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ከዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ጋር በጭማቂ ተጣላች። እኔም ዳኛ ሆኜ ሁለት አንድ ዓይነት ኩባያ አመጣሁና አስተካክዬ ቀዳሁ። «እኩል ነው?» «እኩል ነው» አሉ። ሰላም ወረደ። ቆየት ብሎ ሚጡ ብርሌው አማራትና የእሷን ወደ ብርሌው ገለበጥሁላት። ጭማቂው በቀጭኑ አንገት ሽቅብ ሲወጣ ዓይኗ በራ። «የኔ በለጠ!» ብላ ዘለለች።

«ያው ነው እኮ፤ ከኩባያው ነው የተገለበጠው» አላት ወንድሟ።

«አታይም? የኔ እዚህ ድረስ ነው!»

ወደ ኩባያው መለስሁት። «አሁንስ?» «አሁን እኩል ነው።» ወደ ብርሌው። «አሁን በለጠ።» ይህን አራት ጊዜ ደጋገምነው። በአራተኛው እጄ ተንቀጠቀጠና ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ከማድቤት ብቅ ብላ «አሁን ያነሰው ግን እውነት ነው» ብላ ተመለሰች።

ይህን ነገር እኔ አልፈጠርሁትም። ዣን ፒያዤ የሚባል የስዊስ ሰው ነው አስቀድሞ በውሃ የሠራው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ በእኛ 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አባቶቻችን የካቲት ላይ ዓድዋን ድል አደረጉ፤ እሱ ነሐሴ ላይ ተወለደ። በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ ለተማሪ ቤት ልጆች የአእምሮ ፈተና ይሰጥ ነበር። ፈታኝ ሁሉ ትክክለኛውን መልስ ሲቆጥር የእሱ ዓይን የተተከለው በስሕተቱ ላይ ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ መሆኑን አየ። ስሕተታቸው የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ያለው አስተሳሰብ ነው ማለት ነው። ኋላ ሦስት ልጆች ወለደ፤ የገዛ ልጆቹንም ከአራስነታቸው ጀምሮ ማስታወሻ ይዞ አጠናቸው። የእኔ እናት እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይዛብኝ ቢሆን ኖሮ ስንት ጥራዝ ይወጣት እንደነበር ሳስብ ላብ ያጠምቀኛል።

ፒያዤ የልጅን አስተሳሰብ በአራት ደረጃ ከፈለው። እስከ ሁለት ዓመት ሕፃኑ የሚያስበው በእጁና በአፉ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ የሚቀምሰው ለዚህ ነው። ከዚያ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ቋንቋና ምናብ ይመጣለታል፤ ግን አንድ ነገር ሲያይ ሌላውን ይስታል። ሚጡ የጭማቂውን ቁመት ስታይ የዕቃውን ስፋት ረስታለች። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል፤ በዓይኑ የሚያየውንና በእጁ የሚቆጥረውን ነገር በሕግ ያስባል። ከዚያ በላይ «ቢሆንስ» የሚል ጭንቅላት ይበቅልለታል። መሰላሉ እዚያ ያበቃል። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆንነውን ሰዎች ሰውየው በሩ ላይ አድርሶን ሄዷል።

ከእሱ በኋላ የመጡ ደግሞ ዕድሜው እንደ ኑሮው ይለያያል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ አንድ ጥናት በሜክሲኮ የሸክላ ሠሪ ልጆች ጭቃ ተድቦልቡሎም ተለጥጦም መጠኑ ያው መሆኑን ከእኩዮቻቸው ቀድመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ይህን ለማመን ሜክሲኮ መሄድ አላስፈለገኝም። የጎረቤቴ የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ ከቦኖ ውሃ በጀሪካን ታመላልሳለች። የብርሌውን ጨዋታ ባሳያት «ጋሼ፣ ያው ነው እኮ! ምን ነካዎት?» ብላ በአዘኔታ አየችኝ። ውሃ ተሸክሞ የሚያውቅ ጀርባ በብርሌ አንገት አይታለልም።

አሁን ወደ ትልቁ ችግራችን ልምጣ። ውሃው ሌሊት ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አስቀድሞ አይናገርም። ነቅቶ የጠበቀው ሰው ሮቶውንና ጀሪካኑን ይሞላል፤ የተኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲለምን ይከርማል። እንዴት እንወቀው? አንድ ምሽት ቤተሰቡን ሰብስቤ ሸንጎ አስቀመጥሁ።

መጀመሪያ ሚጡ ተናገረች። «ውሃው ሌሊት ሮጦ የሚመጣው ጨለማ ስለሚፈራ ነው። ቧንቧው ላይ መብራት እናብራለት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በቀን ይመጣል።» ከዚህ ቤት ለውሃው ያዘነለት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

የዘጠኝ ዓመቱ መሀለኛው ልጅ ሕግ አክባሪ ነው። «ፈረቃችን ማክሰኞና ዓርብ ነው ተብሏል» አለ። ባለፈው ረቡዕ መጥቶ ነበር እኮ ብንለው ፈጽሞ አልተዋጠለትም። «ረቡዕ የመጣው የኛ አይደለም። ተሳስቶ የመጣ ነው።» በነገራችን ላይ ዕለቱን ሙሉ ባልዲዎቹን ቆጥሮ፣ ማን ስንት እንደሚሸከም ከፋፍሎ፣ ለእኔ አምስት ለራሱ አንድ መድቦ ነበር።

የአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎረምሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወረቀት ዘረጋ። አሮጌ ስልክ፣ ሁለት ሽቦ፣ ከበር ላይ የሚነቀል ደወል። ውሃው ሽቦውን ሲነካ ደወሉ ይጮኻል፤ ስልኩ ላይም መልእክት ይገባል። ዝናብ ቢመጣስ? አስቦበታል። አይጥ ሽቦውን ብትበላውስ? አስቦበታል። በእውነት ኮራሁበት። ሥራው ተጠናቆ ሊሞከር ሲል መብራት ጠፋ፤ እስከ ማግስቱም አልመጣም። ያንን ግን አላሰበበትም። በጎረምሳ ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ዓለም መብራት አይጠፋባትም። ነገሩን አርቆ የሚያይና ራሱን የሚገታው የአንጎል ፊተኛ ክፍል ጨርሶ የሚበስለው በሃያዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ገና ስምንት ዓመት ያህል ምጣድ ላይ ይቆይልኛል።

ተራው የእኔ ሆነ። የጎልማሳ ሰው የችግር አፈታት በሁለት ቃል ያልቃል፦ «ሰው አለኝ።» ስልኬን አወጣሁ። የምሠራበት ቤት ጥበቃ የአክስቱ ልጅ ስለ ውሃ ነገር ያውቃል ተብያለሁ። ደወልሁ። «ወንድሜ፣ አታስብ፣ ነገ እነግርሃለሁ» አለኝ። ይህ የሆነው ከአራት ወር በፊት ነው።

ባለቤቴ አራታችንንም በየተራ አየችንና «ደህና እደሩ» ብላ ገብታ ተኛች። ይህም ራሱን የቻለ የአስተሳሰብ ደረጃ ይመስለኛል፤ ሳይንስ ገና ስም ባያወጣለትም።

እናቴ በሸንጎው ላይ አልተናገረችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ሰማችን። ሌሊቱን ግን ውሃው መጣ። ጠዋት ስነሳ ጀሪካኖቹ በሙሉ ሞልተው፣ አፋቸው ተከድኖ፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። በሚቀጥለውም ፈረቃ እንዲሁ። እናቴ የምትተኛው ከቧንቧው አጠገብ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። «እንቅልፍ አይወስድሽም እንዴ?» አልኋት። «እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው።» «ታዲያ እንዴት አወቅሽ?» «ልብ ግዛና ድረስበት!»

ይህ ነገር ከነከነኝ። ፊደል ያልቆጠረች የ74 ዓመት ሴት እንዴት የስልክና የሽቦ ጎረምሳ ያልቻለውን ትችላለች? አንድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ሳለ ልፈትናት ቆርጬ ተነሳሁ። ፈተናውን የተዋስሁት አሌክሳንደር ሉሪያ ከሚባለው የሩሲያ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ኡዝቤኪስታን ወርዶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ስለ ድብ ጠይቋቸው ነበር።

«እማዬ፣ በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ያሉ ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው። ኖቫያ ዜምልያ የሚባል ቦታ በሩቅ ሰሜን በረዶ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ድቦች ቀለማቸው ምንድን ነው?»

እንዝርቷን አቆመች። «አንተ አይተሃቸዋል?»

«አላየሁም።»

«እኔስ አይቻቸዋለሁ?»

«አላየሻቸውም።»

«ታዲያ ሁለታችንም ያላየነውን ምን ብዬ ነው የምመሰክርልህ?»

የሉሪያ ገበሬዎችም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ነበር የመለሱለት፤ ያየ ሰው ይጠየቅ፣ ያላየነውን አንናገርም። ሉሪያ ከዚህ ተነስቶ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ከሚያየው ነገር ተላቆ ማሰብ ይቸግረዋል የሚል ነገር ጻፈ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁና በልቤ «ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርታለች» ብዬ መዘገብሁ። የረሳሁት ነገር ቢኖር እናቴ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣች፣ በወሰን ክርክር ዳኛ ፊት ቆማ የመሰከረች ሴት መሆኗን ነው። ባደገችበት አገር ያላየኸውን አየሁ ማለት የአስተሳሰብ ብስለት አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እናቴ በተራዋ ተናገረች። «ይልቅ እኔ ልጠይቅህ። በዚህ በር የገባ እንግዳ ሁሉ ውሻው ይጮህበታል፤ አይደለም?»

«ነው።»

«ትናንት ሌሊት ከማድቤት ቋንጣ ጠፍቷል። ውሻው ግን አልጮኸም።»

ዝም አልሁ።

«እንግዳ አልገባም ማለት ነው። የቤት ሰው ነው። ልጆቹ ደግሞ መስቀያው ላይ አይደርሱም። ጎረምሳው ጾም ይዟል። ሚስትህ ቋንጣ አትወድም።» እንዝርቷን መልሳ አሾረች። «ድቦቹን ተዋቸውና ለቋንጣው መልስ ስጠኝ።»

ኮናን ዶይል ባልጮኸ ውሻ ሌባ የለየበት አንድ ዝነኛ ታሪክ አለው። እናቴ እሱን አላነበበችም፤ እሱም እናቴን አላገኛትም። ከሚታየው ወደማይታየው የሚሻገረው ድልድይ እንደማንኛችንም እሷም ዘንድ አለ። የምትሻገረው ግን ከማዶ የሚጠብቃት ቋንጣ ሲኖር ነው። «ሦስተኛው ደረጃ» ብዬ የመዘገብሁትን ወረቀት በልቤ ቀደድሁት።

ውርደቴ በዚህ አላበቃም። በዚያው ሳምንት ጉልት ወርጄ ድንች ልገዛ ነበር። ድንቹ በመደብ በመደብ ተሠርቷል። አንዱ መደብ እንደ ጉልላት ሽቅብ የቆመ ነው፤ ሌላው ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል። ዋጋቸው አንድ ነው። እኔ ልብ ያለኝ ሰው ሆኜ ረዥሙን አነሳሁ። እናቴ ዝርጉን ገዛች። ቤት ገብተን ስንቆጥር የእኔ ሰባት፣ የእሷ ዐሥር ሆነ። የእኔ መደብ መሀሉ ባዶ ኖሯል፤ ሻጯ ዳር ዳሩን በጥበብ ደርድራ በአየር ነበር የሞላችው። ሚጡ ድንቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በኩራት «አባዬም ብርሌው ይበልጣል ይላል» አለች።

ያን ቀን ማታ ነው ነገሩ የገባኝ። ሚጡ በአምስት ዓመቷ በጭማቂ የተሳሳተችውን እኔ በ43 ዓመቴ በድንች ተሳሳትሁ። በድንች ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰውንም የምለካው በቁመቱ ነው። ከረባት አድርጎ ቶሎ ቶሎ የሚናገረውን ሰው ሳይ «ጭንቅላት!» እላለሁ። ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ የሚያስለውን ሽማግሌ ሳይ «አይ፣ ጃጅተዋል» እላለሁ። ልጅ ሲናገር «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብዬ አቋርጠዋለሁ። ዕቃው ረዘም ካለ ውሃው የበዛ፣ ዕቃው አጠር ካለ ውሃው ያነሰ ይመስለኛል። ፒያዤ በሰባት ዓመት ያልፋል ያለው ስሕተት በሰው ላይ ሲሆን ዕድሜ ልክ አብሮን ይኖራል።

በአእምሮም ውስጥ ቁመትና ስፋት እንዳለ የተናገረ ሰው አለ። ሬይመንድ ካቴል የሚባል በእንግሊዝ የተወለደ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት የሰውን ብልኅነት ለሁለት ከፈለው፦ ፈሳሽና የረጋ። ፈሳሹ አዲስ ነገር ሲገጥም ቶሎ የሚፈታው፣ በወጣትነት ሽቅብ የሚወጣው ነው። የረጋው በዕድሜ የሚጠራቀመው ቃል፣ ልምድ፣ ወግና ዘዴ ነው። ፈሳሹ ከጉልምስና ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የረጋው ግን እስከ እርጅና ድረስ ይጸናል፤ እንዲያውም ይጨምራል። ይህን ለእናቴ ብነግራት ከመጤፍ አልቆጠረችውም። «ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል። እርጎ ስለሆነ ወተቱ ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ ማን አለ?» እኛ ድሮውንም «የረጋ ሰው» እንል የለ? ካቴል ላቦራቶሪ ሲገባ አማርኛ ቅሉን እየናጠ ነበር።

እርጅና ያለ ኪሳራ ነው ማለቴ አይደለም። እናቴ እኔን ለመጥራት የሁለቱን ወንድሞቼን፣ የአጎቴንና የውሻውን ስም ታዳርሳለች፤ እኔ የምገኘው ከውሻው ቀጥሎ ነው። መነጽሯን በግንባሯ ላይ አድርጋ ሰፈር ታስፈልጋለች። ግን ፖል ባልተስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ እንዲህ ላለው ነገር አንድ ደግ ምሳሌ ይጠቅስ ነበር። ዝነኛው ፒያኖ ተጫዋች አርተር ሩቢንስታይን 80 ዓመት አልፎት እንዴት እንደሚጫወት ሲጠየቅ ሦስት ነገር ተናገረ። የሚጫወታቸውን ሙዚቃዎች ቀነሰ፤ በቀሩት ላይ ልምምዱን አበዛ፤ ጣቱ ስለዘገየበት ደግሞ ፈጣኑ ክፍል ሳይደርስ በፊት ሆን ብሎ ዝግ ይላል፤ በዚህም ፈጣኑ ክፍል ለአድማጭ የፈጠነ ይመስላል። እናቴ ፒያኖ አትነካም። እንስራ መሸከም ከተወች ግን ቆየች። ዛሬ ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ይዛ አራት ጊዜ ትመላለሳለች፤ እኔ ባለ ሃያውን አንድ ጊዜ ተሸክሜ ሦስት ቀን ወገቤን አሳሻለሁ።

ይህን ለኦቦ ጎረቤቴ ሳጫውታቸው ሳቁ። «የኛ አባቶች በገዳ ይህን ሁሉ በስምንት ስምንት ዓመት ከፋፍለውታል» አሉኝ። እንደሚታወቀው የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በየስምንት ዓመቱ ሰው ከአንዱ ዕርከን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ አምስት ዕርከን፣ ማለትም አርባ ዓመት ሲያልፍ የማስተዳደሩ ተራ ይደርሳል፤ ስምንት ዓመት አስተዳድሮም ያስረክባል። ከዚያ በኋላ መካሪ ሆኖ ይኖራል እንጂ አይጣልም። ፒያዤ በጎረምሳው ላይ የዘጋውን በር እነዚህ ሰዎች እስከ ሽበት ድረስ ከፍተውት ኖረዋል።

«ከአርባ በኋላ ነው በሉኛ!» አልኋቸው ደረቴን ነፍቼ። «እኔኮ 43 ነኝ።»

ኦቦ ረዥም ጊዜ አዩኝ። «ሰው ከሰው ይለያያል» አሉ፤ ቡናቸውንም ፉት አሉ።

ይህ ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ምሽት፣ ወደ 3 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፋ። ጎረምሳው የስልኩ ባትሪ አልቆበት ወደ ሰው ተመለሰ። ሻማ ለኩሰን ዙሪያውን ተቀመጥን። እናቴ ሳይታሰብ «እንቆቅልሽ!» አለች።

«ምን አውቅልሽ!» አልን ሁላችንም፤ ባለቤቴ እንኳ።

«ባዶ ሳለ ይጮኻል፤ ሲጠግብ ዝም ይላል፤ ራሱ ሜዳ ላይ ተጋድሞ የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል።»

ሚጡ ጊዜ አላጠፋችም። «ሆዴ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። «እህ! ይሄም ልክ ነው። ያሰብሁት ግን ሌላ ነው።» አሁን ደጋግሜ ሳስበው ሚጡ ሦስቱንም ደጃፍ አንኳኩታ ነበር፤ ባዶ ሆድ ይጮኻል፣ ሲጠግብ ዝም ይላል፣ የተኛ ሰውም ይቀሰቅሳል።

መሀለኛው «ውሻው!» አለና ራሱ ወዲያው «አይ፣ ጠግቦም ይጮኻል» ብሎ ሰረዘው። ጎረምሳው «ስልክ፤ ባትሪው ሲያልቅ ይጮኻል፣ ሲሞላ ዝም ይላል፣ ማንቂያም አለው» አለ። «ይሄም አያስከፋም» አለች እናቴ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ትክክለኛውን መልስ እየፈለግሁ ነበር። ምሳሌያዊ ይሆን? ሰምና ወርቅ ይኖረው ይሆን? ባዶ ጭንቅላት ማለቷ ይሆን? እኔን ማለቷ ይሆን? ከሁሉም የተማርሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከሁሉም የታሰርሁት እኔ ሆንሁ።

«አላውቅም» አልሁ በመጨረሻ።

«ሀገር ስጠኝ!»

«እሺ፣ ደሴን ውሰጂ።»

«ደሴን ምን አደርገዋለሁ? ዘመድ የለኝም።»

«ደብረ ብርሃንን።»

«ብርዱን ራስህ ቻለው።»

«እሺ፣ ለገዳዲን ሰጠሁሽ!»

«ለገዳዲን ከነግድቧ?»

«ከነግድቧ።»

«ከነጠጇ?»

«ከነጠጇ!»

እናቴ የሻማው ብርሃን ፊቷ ላይ እየተጫወተ ቀና ብላ ተቀመጠች። አሸናፊ ሀገሩን ገብቶ ተሸናፊውን እንደሚሰድበው ልትሰድበኝ አፏን ስትከፍት ውጭ ቧንቧው አስነጠሰ። አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ኳ! ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ መጣ፤ የሞተ ሰው የሚቀሰቅስ።

«ሀገሬ ገባሁ፤ መልሱም ይኸው» አለች እናቴና ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች።

ተከትለናት ወጣን። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ተትቷል። ሥሩ ሜዳው ላይ አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተጋድሟል፤ ትልቁ፣ ያ ባለቤቴ ከወር በፊት ጠፋብኝ ስትል የነበረው። ማታ ስትተኛ የምታደርገው ይህን ብቻ ነበር። ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው፣ «ሰው አለኝ» የለው። እናቴ አቃንታ አስቀመጠችው። ውሃው ቆርቆሮውን ደበደበው፤ ጣሳው ጮኸ፤ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየወፈረ፣ እየቀነሰ መጣና ዝም አለ።

«ዝም አለ!» አለች ሚጡ በጥፍሯ ቆማ። «ጠገበ!»

ጎረምሳው ጣሳውን ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየው። መሀለኛው ዛሬ ሐሙስ መሆኑን አስታውሶ ተቃወመ፤ ባልዲውን ግን ይዞ መጣ። ባለቤቴ ጣሳዋን አወቀችው፤ ምንም አልተናገረችም። ለእኔ ደግሞ ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን ተሰጠኝ። ልሸከም ስጎነበስ እናቴ የውሻውን ስም ጠራችኝ፤ ከዚያ የራሴን አገኘችና «በሁለት ባለ አሥር ከፋፍለህ ተሸከመው እንጂ፤ ወገብህን ልትጥለው ነው?» አለች።

ከፋፍዬ ተሸከምሁት። አንድ ዓይነት ውሃ ነው፤ ቀለለኝ።

ስለዚህ ልብ የት ይሸጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ አለኝ። መርካቶ አይደለም፤ እዚሁ ሰርቪስ ቤት ደጃፍ ነው። ዋጋውም ርካሽ አይደለም፤ እኔ ለገዳዲን ከነግድቧ ከፍዬበታለሁ፤ መልስም አልተሰጠኝም።